ልጅዎ ሩቅ ብትመደብስ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ የአንድ አባት ደብዳቤ አንብቤ ነበር። ሴት ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋለች። አባት ግን እንቅልፍ አጥተዋል። ምደባው የት ይጥላት ይሆን እያሉ። ልጆች በየአካባቢያቸው፣ በሚያውቁት ሰውና በሚያውቁት ቋንቋ መካከል ይማሩ፤ ሩቅ መመደብ የሚባለው ነገር ይቅር ብለው ነው ደብዳቤያቸውን የጨረሱት። አባትየውን አላውቃቸውም። የጻፉት ግን እናቴ በ2003 ዓ.ም. ስትለው የከረመችው ነው።

እኔ ከደብረ ብርሃን ጅማ የተመደብኩ ነኝ። እናቴን ያናደዳት ርቀቱ ብቻ አልነበረም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተከፍቷል። ከቤታችን በእግር ይደረሳል። "ደጄ ላይ ዩኒቨርሲቲ እያለ ልጄን የጊቤን በረሃ ታሻግሯታላችሁ?" ትል ነበር። ማንን እንደምትጠይቅ አላውቅም። ቤት ውስጥ ያለነው እኛው ነን። አባቴ ግን ደስ ብሎታል። የእሱ ምክንያት ሌላ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ2006 ዓ.ም. ተመረቅኩ። የተማርኩት የአካባቢ ጤና ነው። አሁንም በዚያው ሙያ ነው እንጀራዬን የምበላው። ውሃ እመረምራለሁ፣ መጸዳጃ ቤት አስቆፍራለሁ፣ ምግብ ቤት ገብቼ ጓዳ አያለሁ። ሠርግ ላይ ሥራሽ ምንድን ነው ስባል "ጤና ነው" ብዬ የማልፈው ለዚህ ነው። ለእኚህ አባት መልስ ልስጥ ብዬ ብዕር አነሳሁ። መልስ ስል ግን ግማሹ "ልክ ነዎት" ነው። ከእሱ ልጀምር።

አባትየው የሚፈሩት ያለ ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነስቶ ተማሪዎች ሞተዋል። ሌሎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የታገቱትን ተማሪዎች የረሳ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። በሰኔ 2016 ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ተወሰዱ። ወላጆች ማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠየቁ። ልጅን እዚያ ማድረስም ራሱ ቀላል አልሆነም። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ አንዷ የእርስዎ ልጅ ብትሆን፣ አልልካትም ቢሉ፣ ማን ይፈርድብዎታል? እኔ አልፈርድም።

ስለዚህ መንገዱ ይጠበቅ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን መንገዱ ሰላም ሆነ እንበል። ያኔስ? ልጆቹ ያኔም በየቀያቸው ይቅሩ? የእርስዎ ደብዳቤ "አዎ" ይላል። ምክንያቱም ፍርሃትዎ ስለ መንገዱ ብቻ አይደለም። ቋንቋውን የማታውቀው ሰው መካከል መግባቷም ያስፈራዎታል። እኔን ሰው ያደረገኝ ደግሞ እሱ ነው።

ጅማ ስንደርስ ዶርም የተደለደልነው በትምህርት ክፍልና በስም ፊደል ተራ ነበር። ማን ከማን ይስማማል ብሎ የተጨነቀ የለም። ዝርዝሩ ላይ የተከታተለ አብሮ ያድራል፣ አለቀ። የዚህ አሠራር ጣጣው የክፍሉ ሰው ሁሉ ስሙ መመሳሰሉ ነው። እኛ ዶርም ጭራሽ ሦስታችን አንድ ስም ነበረን። በር ላይ ቆሞ አንዷን የጠራ ሦስት "አቤት" ይሰማል። ስለዚህ በመጣንበት ከተማ መጠራራት ጀመርን። ዓድዋ፣ መቱ፣ ሆሳዕና፣ ጅግጅጋ። እኔ ደብረ ብርሃን ነበርኩ፤ ረዘመ ተብሎ "ብርሃን" ቀረ። ስድስተኛዋ የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። አዲስ አበባ ብሎ መጥራት ማካበድ ነው ተባለና በሰፈሯ "ሽሮ ሜዳ" አልናት። ዛሬ በቴሌግራም ግሩፓችን ያለነው በዚሁ ስም ነው። ልጆቻችን ሳይቀሩ "እትዬ መቱ" ይላሉ።

እሑድ ጠዋት ዶርሙ ጭር ይላል። አንዷ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ግቢ ጉባኤ፣ አንዷ የፕሮቴስታንት ተማሪዎች ፌሎው። ዓርብ ከሰዓት ጅግጅጋ መስጊድ ትሄዳለች። ፈተና ሲደርስ ሁላችንም ቸካይ ነን። በዚያ ዘመን በየዩኒቨርሲቲው "አንድ ለአምስት" የሚባል አደረጃጀት ነበር። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ሰው ይይዛል፣ ዕቅድ ይወጣል፣ ፎርም ይሞላል። ፎርሙን በደንብ ሞልተናል። ጥናቱ ግን የሚካሄደው ማታ፣ ተደራራቢው አልጋ ላይ፣ ጅግጅጋ ከላይ ሆና የኬሚስትሪ ሃንድአውት ስታብራራ ነበር። ማንም አልመደባትም።

እዚያ ዶርም ውስጥ ነው አንድ ነገር የታየኝ። ዓድዋ ትግርኛና አማርኛ ትናገራለች። መቱ ኦሮምኛና አማርኛ። ሆሳዕና ሀዲይኛ አላት፣ እናቷ ከምባታ ስለሆኑ ከምባትኛም አላት፣ አማርኛዋ ከእኔ አይተናነስም። ጅግጅጋ ሶማሊኛ ትናገራለች፣ ኦሮምኛ ትሰማለች፣ አረብኛ ታነባለች። አማርኛዋ ትንሽ ይሰባበራል እንጂ እንግሊዝኛዋ ሁላችንንም ያስከነዳ ነበር። ቢያንስ ሽሮ ሜዳ እንደ እኔ ናት ብዬ ነበር። እሷ ለካ የሸማኔ ልጅ ናት። ቤታቸው የሚወራው ጋሞኛ ነው።

በዶርሙ ውስጥ አንድ የአገር ውስጥ ቋንቋ ብቻ የምናገር እኔ ነበርኩ።

እስከዚያ ድረስ ይጎድለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው በየትኛው ቋንቋ ልናገር ብሎ አያስብም። ሱቁም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ቀበሌውም በአፍ መፍቻው ነው። ሌሎቹ ሁለትና ሦስት ቋንቋ የያዙት ከእኔ የተለየ ጭንቅላት ስላላቸው አይደለም። ስላስፈለጋቸው ነው። እኔን አላስፈለገኝም ነበር። አገሩ ሁሉ ወደ እኔ ተተርጉሞ ይመጣልኝ ነበር። ተርጓሚዎቹ ይድከሙ አይድከሙ አስቤም አላውቅ። ይህን ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ማን ይነግረኝ ነበር?

ጅማ ከተማ ውስጥ አማርኛ ይበቃል። ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ገበያ ወጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ባጃጅ ተሳፍሮ መኖር ይቻላል። ጉዱ የሚመጣው ከተማውን ሲለቁ ነው። እኛ ደግሞ መልቀቅ ግዴታችን ነበር።

ጅማ የተማረ ሰው "ሲቢቲፒ" ሲባል ወይ ይስቃል ወይ ያቃስታል። ማኅበረሰብ ውስጥ ገብቶ የመሠልጠን ፕሮግራም ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ሲመሠረት ከጤናው በኩል የወረሰው ልማድ ነው። ተማሪ በቡድን ሆኖ ቀበሌ ይገባል። መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። የሰበሰበውን ይደምራል፣ ችግሮቹን በቅደም ተከተል ይጽፋል፣ ለነዋሪው መልሶ ያቀርባል። በሌላ ዙር ደግሞ ተመልሶ ከችግሮቹ አንዱን ለመፍታት ይሞክራል። ጭቃ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ውሻ ነው። የጅማ ዝናብ ጃንጥላ አያውቅም።

ለእኛ ቡድን ከጅማ ብዙም የማይርቅ አንድ የገጠር ቀበሌ ደረሰን። መጠይቁ ረዥም ነው። ስንት ሰው ትኖራላችሁ፣ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ ከብት የት ያድራል፣ መጸዳጃ ቤት አላችሁ ወይ። መቱ ትጠይቃለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሥራ ተከፋፍለን ሳይሆን እኔ መጠየቅ ስለማልችል ነው።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ቤት ገባን። ባርጩማ አቀረቡልን። መጸዳጃ አለን አሉ። ሄደን አየን። ግድግዳው በጭቃ ተመርጓል፣ ክዳን አለው፣ ለዓይን ደስ ይላል። አብሮን የነበረው መምህር ማናችንም እስክሪብቶ ሳናነሳ "መጀመሪያ መንገዱን እዩ" አለን። የምን መንገድ? ከቤቱ በር እስከ መጸዳጃው ያለውን። ሣር በቅሎበታል። በቀን ስንት ጊዜ ሰው የሚመላለስበት ቦታ ሣር አያበቅልም።

መቱ ሴትዮዋን በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ ሳቁ። ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። መቱም ሳቀች፣ መምህሩም ሳቀ። እኔ ደብተሬን ታቅፌ ማን ይነግረኛል እያልኩ አያለሁ። ለካ "እሱ የመንግሥት ነው፤ የሚቆጥር ሰው ሲመጣ እናሳያለን" ነው ያሉት። ከዚያ ቁም ነገሩ መጣ። ጉድጓዱ ክረምት ላይ ውሃ ይሞላል። አፉ ይናዳል። የልጅ ልጃቸው ሊገባበት ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ ማንም አይጠጋውም።

ይህን የምጽፈው የተማርኩትን ለማሳየት አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤቱ መጸዳጃ እንዲቆፈር ብዙ ለፍቷል። ቁጥሩም ጨምሯል። ግን ቁጥር አንድ ነገር ነው፣ ሴትዮዋ የተናገሩት ሌላ። የሴትዮዋን ነገር መጠይቁ አልያዘውም። ቋንቋቸውን የማታውቅ ጸሐፊም አትይዘውም ነበር። "አለ" ብላ ጽፋ ትሄዳለች። ሪፖርቱም ያምራል።

ከዚያ ቀን በኋላ መቱን አስተምሪኝ አልኳት። ዋጋው ሹሩባ ነበር። እኔ ጸጉሯን እሠራለሁ፣ እሷ ታስተምረኛለች። ጸጉሯ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱም ብዙ ሆነ። የመመረቂያ ዓመት ላይ ከሐኪሞች፣ ከነርሶች፣ ከፋርማሲና ከላቦራቶሪ ተማሪዎች ጋር ተቀላቅለን ጤና ጣቢያ ስንወጣ፣ ሰዋስዉ ቢንሻፈፍም እኔም ጠያቂ ሆኜ ነበር።

"ይህ ደብረ ብርሃን ምን ይሠራልሻል?" ብሎ አጎቴ ጠይቆኛል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. መልሱ መጣ።

ያኔ ከተማችን በተፈናቃይ ተሞላች። ከወለጋ የመጡ አሉ፣ ከቅርብም የመጡ አሉ። የእኛ ሥራ ውሃና መጸዳጃ ነው። መለኪያው ይታወቃል። በአጣዳፊው ጊዜ ቢያንስ ለ50 ሰው አንድ መጸዳጃ፣ ነገር ሲረጋ ለ20 ሰው አንድ። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውሃ። እዚያ ለመድረስ ያየነውን አበሳ እኛ እናውቃለን። አንድ ቦታ ላይ አዲስ የተሠራ አንድ ረድፍ መጸዳጃ ነበር። ወደ እሱ በሚወስደው ጭቃ ላይ የሴትና የልጅ ዱካ የለም። ከጀርባ ወዳለው ጥሻ ግን ተረጋግጦ መንገድ ወጥቷል።

እናቶቹን ጠየቅን። "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን" አሉ። የተቸገረ ሰው የሰጡትን ነገር አይነቅፍም። ወጣ ስል ልጆቹ ይጫወታሉ። የሚጫወቱት በኦሮምኛ ነው። እዚያው ወለጋ ተወልደው ያደጉ ናቸው። አንዷን ልጅ፣ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ በዚያችው በሹሩባ በገዛሁት ቋንቋ አወራኋት። መጀመሪያ ዓይኗን አፈጠጠች። ቀጥላ "እንደ ጅማ ሰው ነው የምታወሪው" ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ነገረችኝ። በሩ ከውስጥ አይቆለፍም። ማታ መብራት የለም። ትልልቅ ወንዶች እዚያ አካባቢ ይቆማሉ። በሳምንቱ መቀርቀሪያ ተመታ፣ የሴቶቹ ረድፍ ለብቻው ተለየ፣ መብራቱም ዘግይቶ መጣ። ለአጎቴ ይህን ነገርኩት። "እሱስ ነው" አለ። አጎቴ ከዚህ በላይ አያምንም።

ስለ ዓድዋ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ሲጀመር ስልኳ ጠፋ። ቴሌግራም ላይ ከስሟ ሥር የሚጻፈው ነገር በመጀመሪያ በሳምንት ውስጥ ታይታለች ይል ነበር። ከዚያ በወር ውስጥ ሆነ። ከዚያ ከረዥም ጊዜ በፊት። በኅዳር 2014 ውጊያው ደብረ ሲና አካባቢ ሲደርስ እኛም ሻንጣ አዘጋጅተን ነበር። እናቴ ወርቋን ቀሚሷ ላይ ሰፍታለች። በዚያ ሰሞን በየቢሮውና በየታክሲው ይባል የነበረውን እዚህ መጻፍ አልፈልግም። አንባቢ ያውቀዋል።

እኔም ፈርቼ ነበር። ተናድጄም ነበር። ከዓድዋ ጋር በፖለቲካ ተስማምተን አናውቅም። ዶርም ሆነን እንጨቃጨቅ ነበር፤ ዛሬም እንጨቃጨቃለን። ግን ሰው "እነሱ" ባለ ቁጥር የምትመጣብኝ እሷ ናት። ከቤት የተላከላትን በሶ ለስድስታችን የምትበጠብጥ፣ ፈተና ሌሊት ካልሲ አድርጋ ብርድ ልብስ ውስጥ የምታነብ፣ ሲነሽጣት የምትዘፍን። "እነሱ" የሚለው ነገር እሷ ላይ አልገጥም አለኝ። ይህን ያደረገው ስብከት አይደለም። የዶርም ዝርዝር ነው።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ስልክ ሲመለስ ደወለች። ቤተሰብ ተጠያየቅን፤ ያለውንም የሌለውንም። ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ "ስሚ፣ ኮስት ሼሪንግሽን ከፍለሽ ጨረስሽ?" አለችኝ። ለማያውቅ ሰው፣ ኮስት ሼሪንግ ማለት ተመራቂ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እያስቆረጠ ለመንግሥት የሚመልሰው የትምህርት ወጪ ነው። እኔ አልጨረስኩም ነበር። እሷ ደመወዝ ካየችም ቆይታለች። "መንግሥት ሁለታችንንም አይረሳንም" አለች። በዚያ ጊዜ እንደዚያ የሳቅኩበት ነገር አልነበረም።

አሁን የአባቴን ምክንያት ላምጣ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሚሄዱት። አባቴን 8ኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረው ከሐረር የመጣ እንዲህ ያለ ልጅ ነው። አባቴ እስከዚያ ድረስ ከሸዋ ውጭ የተወለደ ሰው በቅርብ አያውቅም። መምህሩ ብርዱን አልቻለውም፤ ሁለት ጋቢ ደርቦ ነበር የሚያስተምረው። ተማሪዎቹ ይስቁበት ነበር። ግን አባቴ ዛሬም ክፍልፋይ ሲያሰላ የዚያን ሰው አነጋገር ያስመስላል። የእኔ ምደባ ሲወጣ "አሁን ደግሞ በተራችን እኛ እንላክ" ያለው እሱን አስቦ ነው። እናቴ ለሳምንት አላነጋገረችውም።

ያኔ ዩኒቨርሲቲው ጥቂት ስለነበር ሰው ሳይወድ በግዱ ይርቃል። አሁን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። መብዛታቸው ግሩም ነው። ግን ሁሉም ሰው ከደጁ ያለውን ይመርጣል። ምርጫው ለእኔ ብቻ ቢተው እኔም ደብረ ብርሃንን ነበር የምሞላው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ሆኖ ተማሪዎቹን በራሱ ፈተና መቀበል ጀምሯል። ለዩኒቨርሲቲ ነፃነት ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌሎች ነባሮቹም ሲከተሉ ግን ያ የዶርም ዝርዝር ምን ይሆናል? ዓድዋንና ጅግጅጋን አንድ አልጋ ላይ ከላይና ከታች ማን ያስተኛቸዋል? ይህን ሲወያዩበት አልሰማሁም። ስለ በጀት ነው የሚወራው።

ስለዚህ አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅ። ተማሪ ወደ ግቢ የሚገባበትና የሚወጣበት ጊዜ ቀድሞ ይታወቃል። በእነዚያ ቀናት ዋና ዋና መንገዶችን አጥብቆ መጠበቅ፣ አውቶቡሶቹን በአጀብ ማንቀሳቀስ ይቻላል። ይህ ሳይደረግ "ልጃችሁን ላኩ" ማለት ድፍረት ነው። ከግጭቶቹ በኋላ ደግሞ ተማሪን በመጣበት አካባቢ ሰብስቦ ማሳደር ይሻላል የሚሉ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አይሆንም። በስም ተራ ይሁን። ማንም አያኮርፍም፤ ፊደል አያዳላም።

ሌላው የፍሬሽማን ነገር ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አንደኛ ዓመት እንደገና የጋራ ኮርስ የሚወሰድበት ሆኗል። ሎጂክ አለ፣ ጂኦግራፊ አለ፣ ሥነ ልቦና አለ፣ አንትሮፖሎጂ አለ፣ ስፖርት ሳይቀር አለ። ተማሪው የሚኖርበት አካባቢ ሰው የሚናገረው ቋንቋ ግን የለም። ጅማ የሚመደብ ኦሮምኛ፣ መቀሌ የሚመደብ ትግርኛ፣ ጅግጅጋ የሚመደብ ሶማሊኛ፣ ደብረ ብርሃን የሚመደብ አማርኛ ቢያንስ ለአንድ ሴሚስተር ቢማር ምን ይጎዳል? ውጤቱ ባይያዝ እንኳ ግድ የለም። ሰላምታና ገበያ፣ ሕመምና መንገድ መጠየቅ ይበቃል። ከዚያ በላይ የፈለገ ሹሩባ ይሠራል።

ቀበሌ መግባቱንም ለጤና ተማሪ ብቻ አልተወውም። ሕግ የሚማር፣ ሒሳብ አያያዝ የሚማር፣ ምህንድስና የሚማር ቢገባ ይጠቅመዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ 50 ያላመጣ አያልፍም። አልቃወምም። እኛ ብንፈተን ማን ትወድቅ እንደነበር ዶርሙ ያውቃል፤ ስም አልጠራም። ግን በሣር የተሸፈነውን መንገድ ያሳየን መምህር ያስተማረንን በምርጫ ጥያቄ መፈተን ይከብዳል። ስለዚህ ፈተናው መጣ ተብሎ ጊዜው ሁሉ ወደ ጥያቄ መፍታት እንዳይሄድ እሰጋለሁ። አንዳንድ ቦታ እንዲህ እየሆነ ነው ሲሉ የማስተምራቸው የተግባር ልምምድ ልጆች ነግረውኛል።

አባትየው፣ ልጅዎ ጅማ ከደረሳት በዚህ ጋዜጣ በኩል ያግኙኝ። መቱ አሁን ጅማ ነው የምትሠራው። ሦስት ልጆች አሏት፤ ቤቷ ትንሽ ነው፣ ግን ሰው አይጠፋበትም። ልጅዎን መናኸሪያ ድረስ ወጥታ ትቀበላታለች። ሌላ ቦታ ከደረሳትም ዓድዋ ዓድዋ ናት፣ ሆሳዕናም ሆሳዕና። ጅግጅጋ ድሬዳዋ ገብታ ፋርማሲ ከፍታለች። አካባቢ ጤና ተምራ እንዴት ፋርማሲ እንደከፈተች ረዥም ታሪክ ነው፤ ባሏ ነው ፋርማሲስቱ።

የእህቴ ልጅም ዘንድሮ ምርጫ ትሞላለች። አንደኛ ያደረገችው ደብረ ብርሃንን ነው። ጅማን ዘጠነኛ ላይ አስገብታዋለች። ሦስተኛ እንድታደርገው እየተደራደርን ነው። እናቴ በልጅቷ በኩል ቆማለች፤ አባቴ በእኔ በኩል።

አክባሪያችሁ፣
ከደብረ ብርሃን